ጋሽ በረኪና ግቢ ያሳጨዱ ዕለት

በሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ «ጋሽ በረኪና»። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የምግብ ቤቶች ንጽሕና ተቆጣጣሪ ነበሩ። ኧረ ተቆጣጣሪ ብቻ! ስንቱን ሆቴል ያሸጉ፣ ስንቱን ባለ ሥጋ ቤት ያስለቀሱ ሰው ናቸው። ወጥ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚሠራው አፍንጫቸው ነው። ቀጥሎ የላይኛው ከንፈራቸው ወደ አፍንጫቸው ይሰበሰባል፣ ግራ ዓይናቸው ይጠባል፣ አገጫቸው ወደ ኋላ ይሸሻል። ያቺን ፊት ያየ ምግብ አብሳይ ውሳኔ መጠበቅ አያስፈልገውም ነበር፤ ሽርጡን ፈትቶ ቁጭ ነው። መቼም ለሥራው ፊቲቱ ጥሩ ነበረች። ክፋቱ ጡረታ ሲወጡ ማኅተሙንና ጋዋኑን መልሰው፣ ፊቲቱን ይዘዋት ወደ ቤት መምጣታቸው ነው።

ቤታቸው ውስጥ ብትገቡ ወለሉ ላይ ፊታችሁን ታያላችሁ። ጠዋት በረኪና፣ ማታ በረኪና። ትንኝ እንኳ እዚያ ቤት ገብታ በሕይወት አትወጣም። ከበሩ ውጭ ያለው ግቢ ግን፣ ወይ ጉድ! ግቢው የባለቤታቸው ነበር። እሷ በሕይወት ሳለች ታርመዋለች፣ ትከረክመዋለች፣ ሣሩን እንደ ልጇ ጠጉር ታስተካክለዋለች። ከሞተች ወዲህ እጅ የነካው የለም። ሣሩ ወገብ ደረሰ፣ ከሥሩ ደግሞ ጎረቤት በአጥር ላይ የሚወረውረው ጥንብ ሁሉ ይበሰብሳል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደል? እሳቸው ወደ መንገድ ሲወጡ በሲሚንቶዋ መተላለፊያ ላይ፣ የሱሪያቸውን እግር በሁለት ጣት ከፍ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ ነው የሚያልፉት። ላልታየ ቆሻሻ ተጠያቂ የለም ብለው ይሆናል።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። አንዲቷ ልጃቸው ናት። ካገባች ወዲህ ድምጿን የሚሰሙት አልፎ አልፎ ነው፤ የልጅ ልጃቸውንማ፣ ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ በፎቶ እንጂ በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም።

«አባዬ፣ እሑድ ከሰዓት ልንመጣ ነው» አለች።

ጋሽ በረኪና የያዙትን መወልወያ ጣሉት። በእሳቸው ቤት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

«ማንና ማን?»

«ሁላችንም። የለመነኝ ባሌ ነው። ልጄ አያቷን ሳታውቅ አትደግ አለኝ። እኔማ ትቼው ነበር። ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ቅር እንዳይልህ። ግቢው ጫካ ሆኗል አሉ፤ አስጭደው። እባብ ይኑርበት አይኑርበት በማይታወቅ ሣር ውስጥ ልጄን አላስገባም። ደግሞ ባሌን ያቺን ፊትህን እንዳታሳየው። ልጅቷ ያየችውን ሁሉ የምትቀዳበት ዕድሜ ላይ ናት። አባቷን በዚያ ፊት ማየት ከተማረች እኔ አለቀልኝ። አንዴ ካየኋት፣ በእማዬ እምልልሃለሁ፣ ሁለተኛ ደጅህን አልረግጥም።»

«እሺ፣ እሺ፣ አስጭደዋለሁ» አሉ።

ባልየው የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ከነጠጉሩ የመጣ ጥሬ ቆዳ ከኖራ ገንዳ እያወጣ ሲፍቅ ይውላል። ቢታጠብ፣ ልብስ ቢቀይር፣ ሽቶ ቢርከፈከፍ ያ ሽታ አይለቀውም። ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ቤት የመጣ ቀን ጋሽ በረኪና ክፉ ቃል አልወጣቸውም። ተነሥተው አንዱን መስኮት ከፈቱ፤ ተቀመጡ። እንደገና ተነሥተው ሌላውን ከፈቱ። ከዚያ በሩን። ውጭ ዶፍ ይወርድ ነበር። እንግዳው በመስኮት በሚገባው ዝናብ እየራሰ ሻዩን ጨረሰ፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ፊቲቱ ሻዩ እስኪያልቅ ድረስ ከፊቱ ንቅንቅ አላለችም።

ታዲያ ከልጃቸው ቃል ውስጥ የቱን ሰሙ ትላላችሁ? ሣሩን። ሣር ይታያል፣ ይታጨዳል፣ ይጠረጋል፣ አለቀ። ፊት ምን ይደረጋል? ለሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

ከመንገዱ ማዶ ግድግዳ ላይ «ሣር እናጭዳለን፣ ግቢ እናጸዳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ደወሉ። እሑድ ጠዋት ባልና ሚስት አጫጆች መጡ። ባልየው አጭርና ደንዳና ነው፤ ሰው ሁሉ ትራክተር ይለዋል። ማሽኑን እየገፋ፣ ሳይናገር ገባ። ሚስቱ ግን መንሿን ትከሻዋ ላይ አጋድማ መጣች፤ አፏ ከእሷ ቀድሞ ነው የደረሰው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ! ወይ ሣር! እዚህ ውስጥ ላም ብትጠፋ አትገኝም እኮ!»

«እዚያው በሩ ላይ ቁሙ» አሉ ጋሽ በረኪና። አንድ ባልዲ በረኪና አዘጋጅተው ኖሯል። «ጫማ።»

«ጫማ ምን ሆነ?»

«ከየት እንደመጣ አላውቅም።»

«ከእግራችን ጋር ነዋ የመጣው» አለች ሚስትየው። ባሏ ግን ጫማውን ከነእግሩ ባልዲው ውስጥ ነከረ። በየሰው ግቢ የሚዞር ሰው የማያየው ዓይነት ባለቤት የለም።

የሁለቱንም እጅ አስታጠቡ። ጥፍራቸውን አዩ። ቀጥለው «ማሽኑን ገልብጠው» አሉ። ምላጩ ዙሪያ የደረቀ ሣር ተጋግሯል፤ ከሣሩ መሐል ሌላ ነገርም አለ። ጋሽ በረኪና ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ኧረ ሰው እንዴት ያሸታል? ልማድ ክፉ ነው! ቀና አሉ።

«የውሻ ነው።»

«ጎሽ፣ አወቁት!» አለች ሴትየዋ። «የሀብታም ውሻ ነው ጋሼ፣ አይጨነቁ፣ ከእኛ የተሻለ ነው የሚበላው።»

ምላጩ ታጠበ፣ ሥራው ተጀመረ። ትራክተር ገመዱን ሲስብ ማሽኑ አጓራ፣ ሣሩም በየረድፉ ይወድቅ ጀመር። ሚስቱ ከኋላ ከኋላ በመንሿ ትሰበስባለች። ከቤቱ በር ጀምሮ መሬቱ እየታየ፣ ግቢው እየሰፋ ሲመጣ ጋሽ በረኪና ደጃፋቸው ላይ ቆመው ልባቸው ራራ። ትንሽዬ ልጅ እዚያ ላይ ስትሮጥ ታየቻቸው። ስትወድቅ፣ ጉልበቷን ሲያራግፉላት። የተቆረጠ ሣር ሽታም አፍንጫቸውን አላስቀየመውም፤ ይሄ ራሱ ተአምር ነው። ግማሹ ታጨደ።

ከዚያ ማሽኑ አጥሩ ሥር ደረሰና አንድ ለስላሳ ነገር ላይ ወጣ። ድምፁ ታፈነ፤ ወዲያው ያንን ነገር በትኖ ተፋው። ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ የሕፃን ዳይፐር ነው፤ ከነሙሉ ጓዙ። ብቻውንም አልነበረም፤ አብራው የሞተች አይጥ ነበረች። ነጩ ጥጥ፣ ቢጫው፣ ቡናማው፣ ጠጉሩ፣ ሁሉም በአንድነት የትራክተር ሱሪ ላይ ተለጠፈ። አንዲት ቁራጭ ደግሞ በአየር ላይ ተንሳፍፋ መጥታ የጋሽ በረኪና እጅጌ ላይ አረፈች። እርጥብ ነበረች።

ጋሽ በረኪና ጮኹ። የሚያምር ጩኸት አልነበረም። እጅጌያቸውን እያራገፉ፣ ቱ ቱ እያሉ፣ የውሃውን ጎማ አንሥተው ወደ ማሽኑ ሮጡ።

«ምላጩን እኔ አጥበዋለሁ ጋሼ!» አለ ትራክተር፣ ድምፁ የተሰማው ገና ያን ጊዜ ነው። «ሞተሩን ብቻ ውሃ አያስነኩት፣ እንደጋለ ነው!»

«ከሁሉ የቆሸሸው እሱ ነው!» አሉ እሳቸው፣ ሞተሩ ላይ አፈሰሱበት። ከላይ፣ ከጎን፣ በየቀዳዳው። ማሽኑ ቸስ አለ፣ እንፋሎት ወጣው፣ ፀጥ አለ። ትራክተር ገመዱን ቢስብ፣ ቢስብ፣ ወይ ፍንክች! እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ፈትቶ ወደ ላይ ያዘው፤ ውሃ ተንጠባጠበ። በዚያ ማሽን ነው ቤቱ የሚተዳደረው። ጋሽ በረኪናን አየና ካንዴላውን በሸሚዙ ጫፍ ያደርቅ ጀመር።

እንዲያም ሆኖ አልሄዱም። እውነቱን መናገር ነው። «በሉ ግድ የለም» አለች ሚስትየው፣ ላቧን በክንዷ እየጠረገች። «እሱ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፣ እኛ የቀረችውን በማጭድ እንላታለን። የልጅ ልጅ ትመጣለች ብለው የለ? ልጅማ ሜዳ ይገባታል።» ይህን ብላ ጎማውን ከእጃቸው ተቀበለችና አፏን ገጥማ ውሃ ጠጣች። ጠጥታ መለሰችላቸው።

ምንም አልተናገሩም። ምንም! የጎማውን ጫፍ በረኪና በነካው ጨርቅ ብቻ ጠረጉት። አንዴ፣ ደግመው፣ ዙሪያውን። ፊቲቱም ያለጥሪ መጣች።

ሴትየዋ መንሿን መሬት ላይ ተከለች። «ቆይ፣ ቆሻሻዋ እኔ ነኝ?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«አፍዎ አላለም፤ ፊትዎ ብሎታል። የጎረቤትዎን ልጅ ዕዳሪ በእጄ ስለቅምልዎ ቆሻሻ አልነበርኩም፤ ውሃ ስጠጣ ቆሸሽኩ?» ወደ ባሏ ዞረች። «ተነሥ አንተ ሰው፣ እንሂድ። እኛ ሣር እንጂ ንቀት አናጭድም።»

ጋሽ በረኪና ደንግጠው ገንዘብ ሊያወጡ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «ይተዉት ጋሼ» አለች በሩን እያለፈች። «እጃችን ነክቶት እንዳይበከልብዎ።» ትራክተር ውሃ የጠጣውን ማሽን እየገፋ ተከተላት።

ግማሽ ግቢ ቀረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ጋሽ በረኪና ወዲያ ወዲህ አሉ፣ ሌላ አጫጅ ጋ ደወሉ፣ እሑድ ነው አላቸው። በመጨረሻ የሟች ባለቤታቸውን ማጭድ ከማጀት አወጡ። ጓንት በጓንት ላይ ደረቡ፣ አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ አሰሩ፣ ወደ ሣሩ ገቡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሣሩ ወገባቸው ደረሰ። ሥሩ እርጥብ ነው፣ የሞቀ ነው፣ ይተነፍሳል። አንድ ጭብጥ ባጨዱ ቁጥር አንድ ጉድ ይወጣል። የዶሮ አንጀት የያዘ ፌስታል፤ ሲነካ ውስጡ ተንቀሳቀሰ፣ ትል ነው። የሻገተ ወጥ፣ ጠጉር ያበቀለ። የማን እንደሆነ የማይታወቅ ካልሲ። «እናንተ አሳሞች!» ይላሉ ወደ ጎረቤት አጥር እያዩ። «እናንተ ከብቶች! ሰው ናችሁ እናንተ?» ዓይናቸው እያለቀሰ ወደ ወጥ ቤታቸው መስኮት ተጠጉ። እዚያ ሣሩ ከሁሉ የባሰ ረዝሟል።

መስኮቱ ሥር የወደቀው ክምር ግን የጎረቤት አልነበረም። ባዶ የበረኪና ጠርሙሶች ናቸው። ደግሞ ጥቁር ፌስታሎች፣ አፋቸው ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ። እንዲህ አድርጎ ፌስታል የሚቋጥር ሰው በሰፈሩ አንድ ነው። ሣሩን አቋርጦ ግቢው ጥግ ወዳለው ቆሻሻ መጣያ መሄድ ሲቀፋቸው «ለዛሬ እንኳ» እያሉ በመስኮት የለቀቁት ነው፣ በየቀኑ ለዛሬ። አንዱ ፌስታል በማጭዱ ተቀዶ ኖሮ የራሳቸው ምግብ፣ የራሳቸው ቆሻሻ፣ ጥቁር ፈሳሽ ሆኖ ጫማቸው ላይ ፈሰሰ። ሽታው ጨርቁን አልፎ ገባ። ጋሽ በረኪና በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ጨርቁን ከአፋቸው ለመንቀል እንኳ አልደረሱም። አስመለሳቸው።

ልጃቸው የገባችው ያኔ ነው።

«አባዬ! ምን ሆንክ?» ሕፃኗን አቅፋ መተላለፊያው ላይ ቆማለች። ግማሹ የታጨደ፣ ግማሹ የቆመ ግቢ አየች። «ሠራተኞቹስ?»

«ሄዱ።»

«አባረርካቸው?»

«ራሳቸው ናቸው የሄዱት።»

ሌላ አልጠየቀችም፤ አባቷን ታውቃለች። ሕፃኗን በታጨደው ሣር ላይ አወረደቻት። የፎቶዋ ልጅ ናት፤ ጉንጯ ሙሉ፣ አፍንጫዋ የሚፈስ፣ አንድ እጇ ብስኩት የጨበጠ። ባልየው ከግቢው በር ውጭ ቆሟል። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጠጉሩ ገና ከመታጠቢያ ቤት እንደወጣ ያበራል። «እንደምን ዋሉ ጋሼ» አለ ከዚያው። አልገባም። ጋሽ በረኪና በልማዳቸው ሽታውን ፈለጉት። አላገኙትም፤ ከሁሉ ሰው በላይ የሚሸቱት እሳቸው ነበሩ።

ጓንታቸውንና ጨርቁን አወለቁ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ እንደተንበረከኩ እጃቸውን ዘረጉ። «ነይ የኔ እናት።»

ሕፃኗ አልፈራችም። ቀጥ ብላ መጥታ ፊታቸው ቆመችና ብስኩቱን ከአፏ አውጥታ «እንካ» አለቻቸው። የተላሰ ነው፣ ረጥቦ ቦክቷል፣ ከጫፉ እስከ ከንፈሯ ምራቋ እንደ ክር ተስቧል፣ የንፍጧም ድርሻ አለበት። ጋሽ በረኪና ሊበሉት ነበር። በእውነት ሊበሉት ነበር። ፊታቸው ግን ቀደማቸው። ከንፈራቸው ወጣ፣ ዓይናቸው ጠበበ፣ አገጫቸው ሸሸ።

ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች አተኩራ አየቻቸው። አዲስ ነገር ነው። መጀመሪያ ከንፈሯን ሞከረች። ከዚያ ግራ ዓይኗን። ከዚያ አገጯን ወደ ኋላ ሳበች። በቃ፣ ቁጭ እሳቸውን! ሳቀች፣ ደስ አላት፣ ልታሳይ ወደ አባቷ በረረች።

አባቷ ከበሩ ውጭ ቁጢጥ ብሎ አፉን ከፈተ። «ለእኔስ?»

ብስኩቱን ወደ አፉ አስጠጋችለትና መልሳ ሳበችው። ያቺን ፊትም አሳየችው። እሱ ጨዋታ መስሎት ሳቀ። ቆየት ብሎ ግን ፊቲቱን አወቃት፤ ያወቃት የዝናቡ ቀን ነው። አፉን ቀስ ብሎ ዘጋው። ልጅቷ ደግማ አሳየችው፣ ብስኩቱም ከእጇ አምልጦ በሩ ሥር ጭቃው ላይ ወደቀ።

ልጃቸው አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። የልጇን ቦርሳ ከመተላለፊያው ላይ አነሣች። «በቃ። እንሂድ» አለች፣ ለባሏ ብቻ።

ጋሽ በረኪና ይቅርታ የሚባለውን ነገር ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም፣ በየት በኩል እንደሚወጣም አያውቁም። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ፤ ጎንበስ አሉ፤ ብስኩቱን ከጭቃው አነሡት። ሣር ተለጥፎበታል። አንዲት ጉንዳን እየሮጠችበት ነው። አፋቸው ውስጥ ከተቱት።

አምላኬ ሆይ! ለብ ያለ ነው። ያንሸራትታል። አሸዋው ጥርሳቸው መሐል ተንጫጫ፣ ጉንዳኗ ምላሳቸው ላይ ስትሄድ ተሰማቻቸው። አንገሸገሻቸው። ከንፈራቸው ወደ ላይ ልትነሣ ስትል በጥርሳቸው ነክሰው ያዟት። ልጅቷ ከሥራቸው ቆማ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ፊታቸውን ታያለች።

«ጭቃ በላ!» አለች በአድናቆት። «ይጣፍጣል?»

ዋጡት። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «ይጣፍጣል» አሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ የሐሰት ምስክርነት ሰጥተው አያውቁም።

«ጋሼ ኧረ ይተዉ፣ ያምዎታል!» ብሎ ባልየው ሊደግፋቸው ዘሎ ገባ፤ ክንዳቸውን ያዘ። አሁን ሽታው መጣ። ኖራ፣ እርጥብ ቆዳ፣ ከሥሩ ሳሙና። አፍንጫቸው ሥር ነው። ልጅቷ ኪሷን በርብራ የተሰባበረ ሌላ ብስኩት አወጣች። ወደ አባቷ አፍ አነሣችው። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመችና ዞራ የአያቷን ፊት አየች፣ የትኛውን ፊት እንደምታደርግ ለማወቅ።

እናትየው ቦርሳውን እንደያዘች ቆማለች። ጋሽ በረኪና ፊታቸውን፣ አፉ ድረስ የሞላ ባልዲ እንደተሸከመ ሰው፣ እንዳይፈስ ያዙት።

«ለእሱ ስጪው» አሉ። «ለአባትሽ።»

ልጅቷ ጥቂት አየቻቸው። ከዚያ ዞራ ብስኩቱን አባቷ አፍ ውስጥ ከተተችው።